ኤክስ በራሱ አይጠፋም

ኤክስ የሚባለውን ፊደል ያወቅሁት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሳልማር ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ ጨርቅ መርማሪ ነበር። ሥራው ቆሞ መዋል ነው። ጨርቁ ከጥቅሉ እየተፈታ ከሥሩ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ አባቴ የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ጠብታ ሲያይ ማሽኑን ያቆምና ነውሩ ላይ በጠመኔ ኤክስ ያደርጋል፤ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። አመሻሽ ላይ በሰርቪስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ የቀኝ እጁ ጣቶች ነጭ ናቸው። ሳይታጠብ ጉንጬን ሲነካኝ ጠመኔው እላዬ ላይ ይቀራል። እናቴ ኤክስ አደረገብሽ ትለኝ ነበር።

እያደግሁ ስሄድ ይህ ፊደል የማይገባበት ጉዳይ እንደሌለ አየሁ። መምህራን የሳትኩት መልስ ላይ ያደርጉታል። ሂሳብ ላይ ደግሞ ያልታወቀውን ሁሉ ኤክስ በሉት ተባልን፤ ስንት ጊዜ ለፍቼ ያገኘሁት ኤክስ ሌላ ኤክስ ተደርጎበት ተመልሶልኛል። የልባሽ ጨርቅ አንገት ላይ ከኤል ፊት ሲቆም የሰውዬው ውፍረት ነው። ለሕፃናት ክትባት የሚዞሩት ሰዎች ማንም ያልከፈተላቸው በር ላይ በጠመኔ ጽፈውት ይሄዳሉ፤ እናቴ ገና ከመታጠፊያው ሳይሰወሩ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ማን ምን ብሎ እንደጻፈብን ምን አውቄ፣ ትላለች።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ የምትመርጡት ምልክት ላይ ኤክስ አድርጉ ተባለ። ይህን አባቴ ሊውጠው አልቻለም። ዕድሜ ልኩን ነውር ላይ ሲያደርግ የኖረውን ምልክት የወደድከው ላይ አድርግ ሲሉት ነገሩ ወጥመድ መሰለው። ለማስተማር የመጣውን ወጣት ስብሰባው ላይ በጥያቄ አደረቀው፤ ከስብሰባው በኋላም መንገድ ላይ ተከትሎ አደረቀው። በመጨረሻ አሻራም ይቻላል ሲሉት በአውራ ጣቱ መረጠና ተገላገለ።

አባቴ ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው እንዳልል፣ እናቴ ሲያገባኝም እንዲሁ ነበር ትላለች። ዳቦ ገልብጦ ሳያይ አይገዛም። ሰርቪስ ውስጥ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አንድ ቀን ወንበር ከቀየረ ለምን እንደቀየረ ቤት መጥቶ ያወራናል፤ እኛም እራታችንን እየበላን ምክንያት እንፈልግለታለን። እኔ በእሱ ወጥቻለሁ። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም።

ፋብሪካው ውስጥ ጥርጣሬውን የሚያጸድቅለት ነገር ነበር። ኤክስ የበዛበት ጥቅል ሁለተኛ ደረጃ ይባላል፤ የሸመነው ሠራተኛ ስምም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አንዳንዱ አባቴ ዞር ሲል በምራቁ ጨርቅ አርሶ ኤክሱን ያብሳል። አባቴ ግን እርጥቡን ቦታ በመብራቱ ያገኘዋል። ኤክስ በራሱ አይጠፋም፤ ጠፋ ማለት የጠረገው እጅ አለ ማለት ነው ይል ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህም ኋላ ላይ ጉድ አደረገን።

ደሴ የምንኖርበት ቤት መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነው። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት ጎረቤታችን በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የመንገድ ዳሯን ክፍል ሱቅ አድርገዋት ከኋላ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ፋብሪካው ሁለተኛ ደረጃውን ጨርቅ ለሠራተኛ በርካሽ ሲሸጥ አባቴ ያመጣል፤ እሳቸው ይሰፉታል። የእኔ ዩኒፎርም፣ የእናቴ ቀሚስ፣ የአልጋችን ልብስ ሁሉ አንድ ጊዜ ኤክስ የነበረበት ጨርቅ ነው። ነውሩን ግን አታገኙትም። ሲቆርጡ ወደ ስፌቱ ውስጥ ወይም ከኪሱ ሥር ይወስዱታል። አባቴ አዲስ ልብስ በመጣ ቁጥር ገልብጦ ይፈልገዋል፤ ሲያጣው ይስቃል። ሰው በልጦት ሲስቅ ያየሁት በእሳቸው ብቻ ነው።

እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። እኛ ቤት ለእነሱ ብቻ የሚሠራበት ድስት አለ፤ እነሱም ቤት ለእኛ አለ። ቅሬያችን ግን አንድ ነበር። ቅሬ ማለት ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚያስቀብረው የሰፈር ማኅበር ነው፤ የአገራችን ሰው ሃይማኖት ሳይለይ የሚቀባበርበት። አባቴ የቅሬው ጸሐፊ ነበር። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስሙ ፊት ኤክስ ይደረግበታል። አገር አቋርጦ መንገድ የሄደ ሰው ግን ቦታው ባዶ ይተዋል እንጂ ኤክስ አይደረግበትም። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

መንገዱ ይሰፋል የሚለው ወሬ ከመለመዱ የተነሣ ማንም አይሰማውም ነበር። አንድ የበልግ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ሰዎች ሜትር ዘርግተው አገኘሁ። አንደኛው ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዟል። የእኛ አጥር ላይ ከቁመቴ የሚበልጥ ኤክስ አደረጉበት፤ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ግድግዳ ሄደው ያንኑ ደገሙ። መታጠፊያው ላይ ወደ መንገዱ የወጣነው ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ሌላ ቤት አልነኩም። የልብስ ሰፊው ሱቅ ዝግ ነው። ወንድማቸው ስለታመሙባቸው ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ከኮምቦልቻ ማዶ ወዳለችው ደጋን ወርደዋል።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ የእኛን ኤክስ በጣቱ ነካው፤ አልደረቀም። የጎረቤታችንንም ሄዶ አየ። ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከሆነም ሁለታችን ላይ ሆነ፣ አብረን እንጠይቃለን አለ። ያን ማታ ከፍቶት ነበር፤ ግን ብቻውን አልነበረም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የልብስ ሰፊው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በኖራ ነጥቷል። ቀዩ የለም። በየዓመቱ ለመውሊድ ግድግዳቸውን ኖራ እንደሚያስቀቡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን መውሊድ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ እሳቸው ደግሞ ኖራ የሚያስቀቡት ሁልጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። አባቴ መጥቶ መንገዱ መሀል ቆሞ አየው። አንድ መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

"ኤክስ በራሱ አይጠፋም" አለ ለእናቴ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይገጣጠም ጀመር። ኤክሱ በተደረገበት ቀን ጠዋት መሄዳቸው። ዘንድሮ ብቻ ለኖራው መቸኮላቸው። የቀበሌ ኮሚቴ አባል መሆናቸው። አባቴ ከአንድ ወር በፊት የሱቃቸውን በር በሜትር ሲለኩ እንዳያቸው ትዝ አለው፤ ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ነው የሚውለው፣ መጋረጃ ሊሰፉ ይሆናል የሚል ሐሳብ ለማናችንም አልመጣልንም። እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን ሰላም ሲሉኝ ፈጠን ብለው አልፈውኛል አልኩ። እውነት ይሁን አይሁን ዛሬ አላውቅም፤ ያኔ ግን አባቴ ራሱን ሲነቀንቅልኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ጥርጣሬ እንዲህ ደስ እንደሚል የሚናገር ሰው የለም። እኛ ቤት ውስጥ ያን ሰሞን ሁላችንም ብልህ ነበርን።

በድምፅ ማጉያ የሚዞር መኪና መጣ። ኤክስ የተደረገበት ቤት ባለቤት የይዞታ ወረቀቱን ይዞ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እንዲመዘገብ፣ ያልተመዘገበ ምትክ ቦታ እንደማያገኝ ተናገረ። አባቴ በማግስቱ ፈቃድ ወስዶ ተመዘገበ። እናቴ፣ ለሰውዬው ደጋን ሰው እንላክላቸው፣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል አለች። አባቴ፣ ያልሰሙትን ነው ወይስ ያጠፉትን ነው የምንነግራቸው አላት። ኤክስ መደበቅ ሙያቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የእኔን ሲደብቁ አይደል የኖሩት አለ። የሚያስቀው የነበረው ነገር አሁን ማስረጃ ሆነ። እናቴም ሁለተኛ አላነሣችውም።

በዚያው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። አባቴ መዝገቡን ቤት አምጥቶ ሲያስተካክል አጠገቡ ነበርኩ። የልብስ ሰፊው ስም ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ትንሽ አቆመና ኤክስ አደረገበት። እናቴ አየችው። መንገድ የሄደ ሰው ባዶ ነው የሚተወው አለችው። የእሳቸው መንገድ አይደለም፣ ሽሽት ነው አላት። መዝገቡን ዘግቶ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

ልብስ ሰፊው የተመለሱት ሐሙስ ዕለት ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። አባቴ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ቤት ነው፤ ከመስኮቱ አይቷቸው፣ ከመጡ የለም በያቸው አለኝ። ወዲያው የውጭው በር ተንኳኳ። ወጣሁ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። አባትሽ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። አባቴ ከኋላዬ ካለው ክፍል ሆኖ እየሰማ ነበር።

አጥራችን ላይ ያለውን ኤክስ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን መስመር እስከ ጫፉ ተከተሉት።

"ይሄ መቼ ነው የተደረገው? ምን አሏችሁ?"

"አላውቅም" አልኩ።

"አብሽሪ የኔ ልጅ" አሉኝ። "እናትሽንም አብሽሪ በያት። ነገ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፤ ያለ እናንተማ ምን ሰፈር አለኝ፣ ወላሂ።"

የእርስዎም ላይ አለ፤ ከኖራው ሥር ነው። ይህችን ነበር ማለት የነበረብኝ። አፌ ላይ መጥታ ነበር። ግን ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው አባቴ ነው፤ ደግሞም አስመሳይነታቸውን እያየሁ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሰው እንዲህ አሳምሮ መዋሸት ይችላል እንዴ ብዬ ተደንቄ በሩን ዘጋሁ። ገብቼ ያሉትን ቃል በቃል ለአባቴ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ዓርብ አለፈ። መውሊድ መጣ፤ ለእኛ በተለየው ድስት የተሠራውን ምግብ እንደ ወትሮው ላኩልን። አባቴ ሆዴን ቆርጦኛል ብሎ አልቀመሰም። እኔና እናቴ በላን። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ መጥተው አባቴን አጡት፤ ሁለቱንም ጊዜ ቤት ነበር። ሌላው የሰፈር ሰው ምንም አላለም። ኤክሱ እሳቸው ግድግዳ ላይ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ያላየው ብዙ ነው፤ ያየውም ኖራውን ሲያይ የተሰረዘላቸው መስሎታል።

ከአንድ ወር በኋላ የተመዘገብነው ልቀቁ ተባልንና ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየን። ዕቃ የምናወጣ ቀን ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ቁም ሳጥናችንን በአንድ በኩል አባቴ፣ በሌላ በኩል እሳቸው ይዘው አወጡት። አባቴ ዓይኑን ከቁም ሳጥኑ አላነሣም፤ እሳቸው ሐዘን ነው ብለው ተረድተውት መሰለኝ ደጃፉ ጋ ቀስ በል እያሉ ይመሩት ነበር። መኪናው ሲነሣ ቆመው አዩን። አባቴ ዞሮ አላየም።

ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ቆርቆሮና በር ለመሰብሰብ እኔና አባቴ ሄድን። ዶዘሩ የእኛን ጠርጎ ሲጨርስ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ዞረ። እሳቸው ጨርቅ እየቆረጡ ነበር፤ መቀሱን እንደያዙ ወጡ። ተሳስታችኋል፣ የእኔ ላይ ምልክት የለም አሉ። አልተቆጡም፤ መንገድ የሳተ ሰው እንደሚያሳይ ሰው ነበር አነጋገራቸው። መዝገብ የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ኖራውን ፋቀው። ቀዩ ወጣ። ሌላ ቦታም ፋቀ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ሲደርስ ፍቆ መጨረስ አላስፈለገውም።

ልብስ ሰፊው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ኖራ ቀቢውን ደጋን ከመሄዴ በፊት ነው ያዘዝኩት፣ ለመውሊድ እንዳልመለስ ፈርቼ አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። ሰውዬው ለምን አልተመዘገቡም አላቸው። ምኑን፣ ምልክት ያላየሁበትን ቤት? አሉ። ያኔ ነው አባቴን ቀና ብዬ ያየሁት። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። ተሳስቷል። በሩ ላይ ቆመው አብሽሪ ያሉኝ እውነታቸውን ነበር።

ዕቃ እንዲያወጡ እስከ ቀትር ተሰጣቸው። አባቴ ሮጦ ገባና የስፌት መኪናውን ብቻውን ተሸክሞ ወጣ። እግሩ ላይ ጣለውና አነከሰ፤ ግን እስከ መጨረሻው ዕቃ ሲያወጣ ዋለ። ማታ ቤት ሲመጣ ለእናቴ፣ አላወቁም ነበር አላት። እናቴ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችለት።

ልብስ ሰፊው ለምትክ ቦታ ሲጠይቁ ያልተመዘገበ ኋላ ይታያል ተባሉ። መቼ እንደሚታይ የሚነግራቸው ስላልተገኘ ደጋን ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። አባቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ይልና ጠዋት ሲሆን ሌላ ሥራ ያገኛል። ከዚያ የእኛ ምትክ ቦታ ወረቀት ደርሷል ተብሎ ተጠራ። ወረቀቱን የሰጠችው ሠራተኛ እየፈረመች፣ አንድ ሽማግሌ ስለእርስዎ ብለው መጥተው ነበር አለችው። መቼ አላት። ምዝገባው በተዘጋበት ዓርብ፣ ልንዘጋ ስንል አለችው። ጎረቤቴ ናቸው፣ ተመዝግበዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ተመዝግበዋል አልኳቸው፤ እንግዲያው ቦታ ስትሰጧቸው ከእኔ ቤት እንዳታርቋቸው ብለው ለመኑኝ አለችው። ስለራሳቸው ጠየቁ ወይ አላት። የለም አለች።

በማግስቱ አባቴ ሥራ አልገባም። ነይ ተነሺ አለኝ። ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን፣ መኪና ቀይረን ደጋን ገባን። መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ እያወጣ መልሶ ይከተዋል። ልብስ ሰፊው የወንድማቸው ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አቁመው የአንድ ልጅ ሱሪ ያሳጥሩ ነበር። ሲያዩን ተነሡ፤ አቅፈው ሳሙን፤ ባለቤታቸውን ጠርተው እንግዳ መጣ አሉ። አባቴ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። ቆሞ፣ አጎንብሶ፣ ሁሉንም ነገራቸው፤ ኤክሱን ማየቱን፣ ኖራውን ማየቱን፣ ቤት ተቀምጦ የለም ማስባሉን፣ ቅሬው መዝገብ ላይ ያደረገባቸውን ሳይቀር። ከዚያ ቦታውን በእርስዎ ስም ላዙረው አለ።

"ተቀመጥ እንጂ" አሉት እሳቸው።

ተቀመጠ። እሳቸው ሱሪውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ወደ እኔ አዩ፤ የሚናገሩት ግን ለአባቴ ነበር።

"ቦታው የልጅህ ነው፤ እንዳታነሣው" አሉ። "ያን ቀን በራችሁ ላይ ሳናግራት ይቺ ልጅ ፊቴን አላየችም። በትከሻዬ አሻግራ ግድግዳዬን ነበር የምታየው። ምን ታያለች ብዬ ዞርኩ፤ ነጭ ነው። ደንግጣ ነው ብዬ ሄድኩ። ያኔ አንድ ጊዜ ብጠረጥራችሁ ኖሮ ዛሬም ጎረቤታሞች በሆንን ነበር። ግን እናንተን መጠርጠር ከየት ይምጣልኝ?"